ይጠራል፣ ይነሳል፣ ድምፅ የለም፦ የአይሲቲ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ የአይሲቲ ክበባችን 14 አባላት ነበሩት። ንብረቱ ከቢሮ አገልግሎት የወጣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ስዊች እና አንድ ራውተር ነው። ኮምፒውተሩ ባለ 4 ኮር ሲሆን 16 ጊጋባይት ራም አለው። ልጆቹ ሲያዩት ቅር አላቸው። ለ14 ሰው አንድ ማሽን ከሆነ ተራ ስንጠብቅ ዓመቱ ያልቃል አሉ። እኔ አስተማሪያቸው ግን የመረጥኩት ለዚሁ ነበር። የመጀመሪያው ሥራችን አንዱን ማሽን ብዙ ማድረግ ነው።

ቨርቹዋላይዜሽን የሚሉት ይህን ነው። አንድ ግቢ ውስጥ በርና ቁልፍ ለየብቻ ያላቸው ክፍሎችን አስቡ። ውኃውና መብራቱ የጋራ ነው፤ የአንዱ ዕቃ ግን ሌላው ክፍል አይገባም። ቨርቹዋል ማሽኖችም ፕሮሰሰሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ይጋራሉ። እያንዳንዳቸው ግን የራሳቸው ሲስተም፣ የራሳቸው ስምና የራሳቸው አድራሻ አላቸው። ሐሳቡ የቆየ ነው። አይቢኤም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በትልልቅ ኮምፒውተሮቹ ላይ ሠርቶበታል። እኛ የጫንነው ፕሮክስሞክስ የተባለ የቨርቹዋል ማሽኖች ማስተዳደሪያ ደግሞ ኬቪኤም ላይ የቆመ ነው፤ ኬቪኤም ሊኑክስ በተባለው ሲስተም ውስጥ የገባው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ፕሮክስሞክስን ስንጭን ማሽኑ ቨርቹዋላይዜሽን አይችልም የሚል መልእክት ወጣ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ፕሮሰሰሩ ግን ይችላል፤ ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም፣ በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ነበር እንጂ። ከፈትነው፣ ሄደ። በወሩ መጨረሻ 6 ቨርቹዋል ሰርቨሮች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር።

ልጆቹን በጣም የለወጣቸው ግን ስናፕሾት ነው፤ ማሽኑን በዚያች ቅጽበት እንዳለ ይዞ የሚያቆይ። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ፋይል ሊያጠፋ ብሎ የሰርቨሩን ዋና ማውጫ ጠራርጎ አጠፋው። ልጁ ፊቱ ጠቆረ፣ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። ጓደኛው ከመጀመራቸው በፊት ስናፕሾት ይዛ ስለነበር ሰርቨሩን ወደ ነበረበት መለሰችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ቀን በኋላ መንካት የሚፈራ ልጅ አላየሁም። አንድ ነገር ግን አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ፦ ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ዲስኩ ከሞተ አብሮት ይሞታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሙሉ ቅጂ ወደ ሌላ ዲስክ እናወጣ ነበር።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ስልክ ገባን። አንዱን ቨርቹዋል ማሽን 1 ኮርና 1 ጊጋባይት ራም ሰጥተን አስተሪስክ የተባለውን የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ጫንንበት። አስተሪስክን በ1999 (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ማርክ ስፔንሰር ነው። ያኔ ወጣት ነበር፤ ለትንሽ ድርጅቱ የስልክ ማዞሪያ መግዛት ቢከብደው ራሱ ጻፈው። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ዓይናቸው በራ። ከ101 እስከ 112 ቁጥር አወጣን፤ ሞባይሎቻቸው ላይ የኢንተርኔት ስልክ አፕ ጭነው በዋይፋይ ተገናኙ። 600 ሲደውሉ የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ እንዲመጣ አደረግን። የመጀመሪያው «ሃሎ» ሲመለስ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ። ጂ.711 የሚባለው ኮዴክ (ድምፅን ወደ ቁጥር የሚቀይር ዘዴ) ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱን ልክ በ8 ቢት ይጽፋል። 64 ኪሎቢት በሰከንድ ማለት ነው። በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት (አንድ የመረጃ ጥቅል) ከተላከ በሰከንድ 50 ፓኬት ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ላይ 40 ባይት የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃ ይጨመራል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥታ 80 ኪሎቢት ብላ ደመደመች። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው እንግዲህ። የሒሳብ መምህሯ ቢያዩአት ደስ ይላቸው ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ። ሁሉም ዋይፋዩን ጠረጠረ። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነበር። በዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ሰርቨር ባክአፕ እየጨመቀ ፕሮሰሰሩን ይዞታል። ፋይል ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም አያውቅም። ድምፅ ግን አይጠብቅም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ቢበዛ በ150 ሚሊሰከንድ ቢደርስ ጥሩ ነው ይላል። ለስልኩ ማሽን ቅድሚያ ሰጠን፣ ባክአፑን ወደ ሌሊት አዛወርን። ድምፁ ጠራ።

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት የመጣው ከአንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን ቤት ነው። በወላጆቿ ፈቃድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የራሷን አስተሪስክ ተክላለች። ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል በደንብ ይሠራል። ባለ ቁልፉን የቆየ ስልክ በአዳፕተር አገናኝታ ለአያቷ 102ን ሰጥታቸዋለች። እማማ ከስክሪን ጋር አይስማሙም፤ እጀታውን ሲያነሱ ግን «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» አሉ። ችግሩ ሌላ ከተማ የሚኖረው ወንድሟ ሲደውል ነው።

«ቲቸር፣ ይጠራል፣ አነሳዋለሁ፣ ከዛ ዝም ነው» አለችኝ።

አባላቱ ሁሉ ሐሳብ አዋጡ። አንዱ አፑን ቀይሪ አለ፣ ሌላው ኮዴኩን። እኔ ማንም ምንም እንዳይነካ ከለከልኩ። መጀመሪያ እንይ አልኩ። በኔትወርክ የሚያልፈውን በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በዋየርሻርክ፣ የጥሪውን ፓኬቶች ያዝን፣ መስመር በመስመር አነበብን። ሁለት ከሰዓት ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ራሷ አገኘችው። ጥሪውን የሚያዘጋጀው ሲፕ ነው፤ ድምፁ ግን በሌላ መንገድ፣ በአርቲፒ ይሄዳል። ድምፁን ወዴት ልላክ ለሚለው ጥያቄ ሰርቨሯ የሰጠው መልስ 192.168.1.20 የሚል ነበር። ይህ የቤት ውስጥ አድራሻ ነው። በዓለም ላይ ስንት ቤት ውስጥ እንዳለ አስቡት። ደብዳቤ ላይ «ጓዳ» ብሎ ጽፎ ፖስታ ቤት እንደመስጠት ነው። ደወሉ ደረሰ፣ ድምፁ ግን የትም አልደረሰም።

አስተሪስክ የቤቱን የውጭ አድራሻ እንዲያውቅ አደረግን። ራውተሩ ላይ የሲፕ መልእክቶችን «ላስተካክል» እያለ የሚያበላሸውን ሲፕ ኤኤልጂ ዘጋን። ለድምፅ የሚሆኑ ፖርቶችንም (ቁጥር ያላቸው የመግቢያ በሮች) ከ10000 እስከ 10100 ብቻ ከፈትን። ወንድሟ ደወለ። ተሰማ!

በማግስቱ ግን የሰርቨሩን መዝገብ ስናይ የማናውቃቸው አድራሻዎች 100፣ 101፣ 1000 እያሉ የመስመር ቁጥሮችን ሲሞክሩ አገኘናቸው። የሲፕን ፖርት፣ 5060ን፣ የሚያስሱ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ላይ ቀንም ሌሊትም ይዞራሉ። ደካማ የይለፍ ቃል ያለው መስመር ካገኙ በሰው ሒሳብ ውድ ቁጥሮች ላይ ይደውላሉ። ከልጆቹ የሁለቱ የይለፍ ቃል የራሳቸው የስልክ ቁጥር ነበር። ወዲያው አስቀየርናቸው። የከፈትናቸውን ፖርቶች መልሰን ዘግተን ወንድሟን በዋየርጋርድ ቪፒኤን፣ ማለትም ቤቱ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ያህል በሚያገናኝ የተመሰጠረ መንገድ፣ አስገባነው። ያን መንገድ ቀድመን ይዘን ቢሆን የአድራሻው ጣጣ ባልመጣ ነበር። እኔ ግን በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፤ ያን መስመር ራሷ ያገኘች ልጅ ኔትወርክን ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ገብቷታል።

ለወላጆች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልጆቻችሁ ቤት የሚተክሉት ይህ ስልክ የመደበኛውን ቦታ አይተካም። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከሕዝብ ስልክ መስመር ጋርም ስላላገናኘነው ለድንገተኛ አደጋ አይደወልበትም። መደበኛው ስልክ አጠገቡ ይኑር።

በመጨረሻው የክበብ ቀን የስልኩን ቨርቹዋል ማሽን ሁሉም እያዩ አጠፋሁት። ስናፕሾቶቹም አብረው ጠፉ። ከዚያ በዓመቱ አጋማሽ የተቀላቀሉትን 5 ልጆች ጠርቼ ከባክአፑና ከክበቡ ደብተር መልሱት አልኳቸው። ነባሮቹ ከኋላ ቆሙ፣ አፋቸውን እንዳይከፍቱ ቃል ገብተዋል። አንዱ ብቻ ሁለት ጊዜ አልቻለም፤ ጓደኛው አፉን ያዘው። 40 ደቂቃ ሄደ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ስልኳን አነሳች፣ 600 መታች፣ ድምፁን ለሁሉም ከፈተች።

«ሃሎ?» አለች።

«ሃሎ?» አላት።