ልጁ አልጣለውም፣ አናሎጉ ነው ያለቀው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዲስ የጌም ጆይስቲክ ሲወጣ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ንዝረቱና ስለ መብራቱ ትጽፋላችሁ። እኔም አነባለሁ። ውስጡ ግን ሁሌም ይቀራል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት ስለዚህ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ውስጡን ባለማወቄ ልጅ በድያለሁ።

የእህቴ ልጅ 11 ዓመቱ ነው፣ የኳስ ጌም ነፍሱ ነው። አንድ ቀን ገመድ አልባው ጆይስቲክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ማንም ሳይነካው፣ ተከላካዩ ቀስ እያለ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ዝም ብሎ ይሄዳል። «ጥለኸዋል አይደል?» አልኩት። «አጎቴ፣ እማዬ ትሙት አልጣልኩትም!» አለኝ። አላመንኩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጌም ከለከልኩት።

ምክንያቱን መፈለግ ስጀምር መጀመሪያ የጠረጠርኩት የገመድ አልባውን ሞገድ ነበር። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ብሉቱዝም ሆነ ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሚሠሩ መጠላለፍ አለ፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን ሞገድ ሲጠላለፍ ትእዛዙ ይዘገያል ወይም ጆይስቲኩ ይቋረጣል እንጂ ተጫዋቹን ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ አይጎትተውም። ገመድ ሰክቼም ሞከርኩት። ያው ነው፣ ወደ ግራ።

ከዚያ ትንሿን ካቻቪቴ አንስቼ ከፈትኩት። አናሎግ የምንለው፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ዱላ፣ ጎኖቹ ላይ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉት። አንዷ ግራና ቀኙን፣ ሌላዋ ላይና ታቹን ትለካለች። የአንዷን ክዳን ሳነሳ ውስጧ ጥቁር የካርቦን ቅብ አለ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቀጭን የብረት ምላስ ይንሸራተታል። ዱላው በተገፋ ቁጥር ምላሱ ካርቦኑን ይፍቀዋል። የእኛው ላይ፣ ልክ ዱላው ሲለቀቅ የሚመለስበት መሃሉ ጋ፣ ቅቡ ተልጦ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ሠርቷል፣ ዳር ዳሩም ጥቁር ብናኝ ይዟል። ዱላው መሃል ላይ ቆሟል፣ ኮንሶሉ፣ ማለትም የጌም ማሽኑ፣ ጋ የሚደርሰው ቁጥር ግን «ትንሽ ወደ ግራ» ነው። ድሪፍት የሚባለው ይሄ ነው። መውደቅ አያስፈልገውም፣ መጫወት ብቻ ይበቃዋል።

እና ልጁን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። አልተቆጣም። ሳጥኗን ተቀብሎ ብርሃን ላይ አንስቶ አያት፣ «በዚች ምክንያት ነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

በዚች ምክንያት ነው፣ አዎ። ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ዕቃ። ደግሞ ብሎን ፈትቶ በመቀየር የሚያልቅ ቢሆን ምንም አልነበረም። አናሎጉ ቦርዱ ላይ በ14 ነጥብ ተበይዷል፤ ሁሉንም አቅልጦ ሳያነሱ አይወጣም፣ ያልለመደ እጅ ደግሞ ቦርዱን አቃጥሎት ያርፋል። ስለዚህ ሰው ምን ያደርጋል? ይጥለዋል። ሞገድ አስተላላፊው፣ ቁልፎቹ፣ የንዝረት ሞተሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው እያለ ይጥለዋል።

የሚያንገበግበኝ መፍትሔው አዲስ አለመሆኑ ነው። ሴጋ እ.ኤ.አ. በ1998 ድሪምካስት የሚባለውን የጌም ማሽን ሲያወጣ የጆይስቲኩ አናሎግ የሚሠራው በማግኔት ነበር። ሆል ሴንሰር ይሉታል። ማግኔቱ ሲንቀሳቀስ ሴንሰሩ ሳይነካው ከርቀት ይለካል፣ የሚፋቅ ነገር የለም። እሱም ቢሆን መሃሉን ሊስት ይችላል፣ ስፕሪንጉም ይደክማል፣ ግን ካርቦን ተልጦ አያልቅበትም። ከዚያ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2020፣ የኔንቲንዶ ፕሬዚዳንት ጆይኮን በሚባለው ጆይስቲካቸው ላይ ስለታየው ድሪፍት ባለአክሲዮኖች ፊት ይቅርታ ሲጠይቁ ሰማን። ሶኒ በ2023 ባወጣው ዱዋልሴንስ ኤጅ በሚባል ጆይስቲክ ላይ አናሎጉን ያለ ብየዳ ነቅሎ መቀየር ይቻላል። ስለዚህ አይቻልም የሚል ሰው ካለ አልሰማውም።

ባትሪውም ያው ጣጣ ነው። በ2002 የወጣው ገመድ አልባው የኔንቲንዶ ጆይስቲክ፣ ዌቭበርድ፣ በሁለት የሬሞት ድንጋይ ነበር የሚሠራው። ንዝረት አልነበረውም፣ ግን ዛሬም ክዳኑን ከፍተህ አዲስ ድንጋይ ብትከትበት ይነሳል። ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ባትሪ ግን ዕድሜ አለው፤ ሙቀት ይጎዳዋል፣ ባዶውን ለወራት ማስቀመጥም ይጎዳዋል። እሱ ሲደክም ደግሞ በብዙዎቹ ጆይስቲኮች ላይ ሙሉ አካሉን መፍታት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ባወጣው የባትሪ ደንብ መሠረት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2027 ጀምሮ እዚያ የሚሸጡ ዕቃዎችን አነስተኛ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ማውጣትና መቀየር መቻል አለበት። ይሄ ጉዳይ ዜና አይደለም እንዴ? ጻፉልን እንጂ!

ወላጆች ደግሞ ልጅ ከመቅጣታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ሞክሩ። ጆይስቲኩን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ። ምስሉ ራሱን ችሎ ከተንቀሳቀሰ የጌሙን ሴቲንግ ከፍታችሁ ዴድዞን የሚለውን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ጌሙ የዱላውን ትንንሽ እንቅስቃሴ እንዳላየ ያልፋል፣ ለጊዜው ያረጋዋል። የኮንታክት ማጽጃ የሚባለው፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚነፋ ስፕሬይ፣ ካላችሁም ብናኙን ያነሳል፣ የተላጠውን ግን አይመልስም።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ አዲስ ጆይስቲክ ስትጽፉ ሁለት መስመር ጨምሩበት። አናሎጉ በካርቦን ነው የሚሠራው በማግኔት? ባትሪውስ ሲደክም ባለቤቱ ራሱ ሊቀይረው ይችላል? ቀለሙን ከዚያ በኋላ ንገሩን።

የዘወትር አንባቢያችሁ