አሸዋውስ ባልከፋ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ስድቡን ተቀብያለሁ። የመጨረሻው መልእክትህ «በረሃው እንዴት ነው? እኔም ልምጣ እንዴ?» የሚል ነበር። ያኔ ብመልስልህ «ና!» ነበር የምልህ። እንኳንም ዘገየሁ።

መጀመሪያ የፈራሁት አሸዋውን ነው። ሲነሳ ፊት ይገርፋል፣ ጥርስ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። ግን ቅንጣቱ ከባድ ስለሆነ ሳንባ ድረስ አይዘልቅም። ጉዱ ያለው አሸዋው እየነጠረ መሬቱን ሲመታ የሚያስነሳው ደቃቅ አቧራ ላይ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ሳንባ ይገባል፤ ከ2.5 በታች የሆነው ደግሞ እስከ ጥልቁ ይወርዳል። ነፋሱ ከቆመ በኋላም አየር ላይ ይቆያል። እኔ ሞኙ፣ ጸጥ ሲል መስኮት ከፍቼ ቤት እጠርግ ነበር፤ በደረቅ መጥረጊያ! ከዚያ ሳምንት ሙሉ ሳል። አሁን በእርጥብ ጨርቅ ነው የምወለውለው። ፊት ላይ ሻርፕ መጠምጠምም ደቃቁን አያቆመውም፣ ኤን95 ማስክ ይሻላል። አቧራው ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል የአሸዋ ማዕድን ለዓመታት ሲጠራቀም ሳንባ ላይ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው አይድንም። የድንጋይ ፈላጮች በሽታ ነው ቢባልም፣ ድንጋይ ፈልጠው ሳያውቁ በረሃ ውስጥ በመኖር ብቻ የታመሙ ሰዎች አሉ።

ዝም ያሰኘኝ ግን ኩላሊቴ ነው። ደረቁ አየር ላብህን እንደወጣ ይመጠዋል። ልብስህ አይረጥብም፤ አላበኝም ብለህ ውኃውን ትረሳለህ። ሽንቴ መልኩ ጠቁሮ ሲሰነብት ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። አንድ ሌሊት ጎኔን ወጋኝና ወለል ላይ ተንከባለልኩ። ጠጠር ኖሯል! አሁን ጥማት እስኪመጣ አልጠብቅም።

ጊንጥስ ትለኝ ይሆናል። ጫማን አራግፎ ማጥለቅ ነው፣ አለቀ። የአሸዋ ዝንብ ትብሳለች። ከማነሷ የተነሳ በተራ አጎበር ቀዳዳ ታልፋለች፣ ድምፅ ሳታሰማ ነክሳ ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል ልታስይዝህ ትችላለች።

እኔን ያሳሰበኝ ያንተ አስም ነው። ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ቆመህ፣ ትንፋሽህ እስኪመለስ ስልክ የምታወራ ትመስል ነበር። ያላወቅኩብህ መስሎህ ነው? አሁንም እንደዚያ ነህ? እውነቱን ጻፍልኝ። ሐኪምህንም ስለ አቧራው ጠይቀው። እስከዚያ ትኬት እንዳትቆርጥ።

ናፋቂህ