ሳይሰፋ ስለቆየው ጨርቅህና ስለ እግሬ

አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜና የልጅነት ወዳጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ይድረስህ፤ ባለቤትህና ልጆችህስ እንደምን ሰነበቱ? በልጅነታችን ደብዳቤ መጻፍ ሲያስተምሩን፣ ከሰላምታው ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የግድ መከተል እንደነበረበት ታስታውሳለህ። ሦስት ዓመት ሙሉ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ የሚቆመው እዚያ ላይ ነበር። ውሸቱን ለመጻፍ ኅሊናዬ እንቢ አለኝ፤ እውነቱን ለመጻፍ ደግሞ አፈርኩ።

በጥር 2015 ለጥምቀት መጥተህ፣ ያን ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ በእህትህ እጅ ከላክልኝ በኋላ «ልኬን የምትወስደው መቼ ልምጣ?» ብለህ ስትደውል፣ ለሰርግ ደሴ ሄጃለሁ ብዬህ ነበር። ደሴ አልነበርኩም። ቤቴ ውስጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ ተቀምጬ ነበር። ድምፅህን እየሰማሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንተ የምታውቀው ቀጭኑ ልጅ፣ በትምህርት ቤት «ሽቦ» ብላችሁ የምትጠሩት፣ በሩን ሲከፍትልህ የፊትህን መለወጥ ማየት አልችልም። ከዚያ በኋላ ያደረግኸውን ጥሪ ሁሉ ያልመለስኩት የመጀመሪያው ውሸት እንዳይገለጥብኝ ነው። ይቅርታህን የምጠይቀው ስለዚህ ነው፤ የቀረው ጽሑፍ ምክንያቱን ለማስረዳት እንጂ ለማመካኘት አይደለም።

ሙያዬ ደግሞ ለመደበቅ የተመቸ ሆነ። ሌላ ሰው ሱሪው ሲጠብበው ልብስ ሰፊ ዘንድ ይሄዳል፣ ልብስ ሰፊውም ሜትሩን አዙሮ እውነቱን ይነግረዋል። እኔ ግን የራሴን ሱሪ ማታ ማታ ሱቁን ዘግቼ፣ የኋላውን ስፌት እየፈታሁና በየጊዜው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እየጨመርኩ፣ በመጨረሻም ወገቡን ሙሉ በሙሉ በላስቲክ ቀይሬ፣ ሰውነቴ ምን ያህል እንደሄደ ራሴን እንኳ ሳልጠይቅ ዓመታት አሳለፍኩ። ጎረቤቱም «ተመችቶሃል፣ አምሮብሃል» ይለኛል፤ በእኛ ዘንድ ውፍረት እስከ አንድ ደረጃ ድረስ ምርቃት ነውና። ምርቃቱ የሚያልቀው ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጋሼ፣ የሁለት ሰው ይክፈሉ» ያለ ቀን ነው። ታክሲውን ተውኩ፤ ቀጥሎ ሰርጉን፣ ቀጥሎም ለቅሶውን። እድሩ ቀጣኝ፣ ቅጣቱን ከፈልኩ፣ አሁንም አልሄድኩም።

እግሬ ያበጠው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የሚቀረው መስመር ጥልቅ መሆን ጀመረ፤ ከዚያ ማሰሪያ ያለው ጫማ እንቢ አለኝና ነጠላ ጫማ ለበስኩ። በኋላ አውራ ጣቴን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ተጭኜ ሳነሣው፣ የጣቴ ጉድጓድ ሊጥ ላይ እንደተጫኑት ሆኖ ይቆይ ነበር። አያቴን ታስታውሳታለህ፤ ከጎጃም መጥታ እኛ ዘንድ ስትኖር እግሯን በነጠላ ሸፍና ከጓዳ የማትወጣውን። ሰው ቡና እንኳ ከእጇ አይቀበልም ነበር፣ «ዝሆኔ ነው» እየተባለ። በሽታው ዕድሜ ልኳን በባዶ እግሯ የረገጠችው ቀይ አፈር ያመጣባት እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ እንዳልነበረ ያወቅኩት ገና ዘንድሮ ነው። ያኔ ግን የራሴን እግር ባየሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የእሷ ጓዳ ነበር፤ እኔም የራሴን ጓዳ ሠራሁ ማለት ነው።

ከጓዳው ያወጣኝ ሐኪም አይመስልህ። ባለፈው ሰኔ ለጉዳይ ሜክሲኮ አካባቢ ወርጄ፣ ከእነዚያ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡ ልጆች አንዱ አጠገብ ድካም አቆመኝ። እንዲያው ልመዘን ብዬ እግሬን ሳነሣ፣ ልጁ ቶሎ ብሎ በሁለት እጁ ሚዛኑን ሸፈነና «ጋሼ፣ በእናትዎ፣ ይሰበርብኛል» አለኝ። ስድብ አልነበረውም፤ እንጀራው እንዳይሰበርበት ፈርቶ ነው። ብሩን ሰጥቼው ሄድኩ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ጎረቤቴ እህል ነጋዴው ዘንድ ጤፍ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ቆምኩ። 148 ኪሎ ሆንኩ። ቁመቴ፣ እንደምታውቀው፣ 1.72 ሜትር ነው። በኋላ ሐኪሟ እንዳሳየችኝ፣ ኪሎን ለቁመት ስኩዌር ሲያካፍሉት 30 ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፣ ከ40 በላይ ከሆነ ደግሞ ከባዱ ደረጃ ነው፤ የእኔ 50 መጣ።

ወዲያው ሐኪም ዘንድ ብሄድ ኖሮ መልካም ነበር። አንድ ደንበኛዬ ግን «አንተን የያዘህ ውሃ ነው፣ የሚያሸና ክኒን ውሰድ» አለኝና፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፉሮሴማይድ ገዝቼ መዋጥ ጀመርኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሚዛኑ 143 አለኝ! አምስት ኪሎ! ለባለቤቴ እየዘፈንኩ ነገርኳት። በስምንተኛው ቀን የደንበኛ ኮት በእጄ ይዤ ከወንበር ስነሣ ዓይኔ ጨለመና መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ወደቅኩ፤ ብረቱ ግሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በሌላ እጅ ታነበው ነበር። ክኒኑን ባቆምኩ በአሥረኛው ቀን አምስቱም ኪሎ፣ ግራም ሳይጎድል፣ ተመልሶ መጣ።

ሆስፒታል ያገኘኋት ሐኪም ይህን ስነግራት አልተቆጣችም፤ ወረቀት አውጥታ ሒሳብ አሠራችኝ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ያከማቻል፤ በሰባት ቀን አምስት ኪሎ ስብ ለማቃጠል በየቀኑ ከምበላው በላይ 5,500 ካሎሪ ማውጣት ይኖርብኝ ነበር፣ ይህም ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ቀርቶ ለሯጭም የሚሆን አይደለም። ስለዚህ የወጣው ውሃና ጨው ብቻ ነው፤ ስቡ አልተነካም። «ሁለት የተለያየ ዕዳ አለብህ፣ አንዱን ስትከፍል ሌላው የተከፈለ አይምሰልህ» አለችኝ። ወንድሜ፣ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ አነጋገር ነው፤ ሰው ሁሉ «አፍህን ዝጋ፣ ትከሳለህ» ሲለኝ፣ አፌን በዘጋሁበት ሳምንት እግሬ አብጦ ሚዛኑ ከፍ ሲል ተስፋ የምቆርጠው ሁለቱን ስለማልለይ ነበርና።

ከዚያ ምርመራው መጣ፤ ሽንቴ ፕሮቲን ይኖረው እንደሆነ ለኩላሊት፣ ደሜ ለጉበትና ለእንቅርት፣ ልቤ በአልትራሳውንድ ታየ፣ የእግሬ ደም ሥሮችም እንዲሁ። ልብና ኩላሊቴ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። የደም ሥሮቼ ደምን ወደ ላይ መመለስ አቅቷቸዋል፣ የሆዴ ክብደትም ከላይ እየተጫነ መንገዱን ያጠብበዋል። የሚገርምህን ግን ልንገርህ። ቀደም ሲል ግፊቴን ይለኩልኝ በነበረበት ቦታ የሚጠቀሙበት የክንድ ማሰሪያ ተራው መጠን ነበር፤ የእኔ ክንድ ዙሪያው 44 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠባብ ማሰሪያ በወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ግፊቱን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። በዚያ ቁጥር ምክንያት የግፊት መድኃኒቴ አምሎዲፒን ከ5 ወደ 10 ሚሊ ግራም ከፍ ተደርጎልኝ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ መጠኑ ሲጨምር ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ሐኪሟ ሰፊ ማሰሪያ አስፈልጋ ለካችኝና መድኃኒቱን በሌላ ለወጠችው። ሠላሳ ዓመት የሰው እጅጌ ስለካ የኖርኩ ሰው፣ ያ እጅጌ እንደማይበቃኝ እያየሁ አፌን ያዝኩ። ሐኪም ስለሆኑ ያውቃሉ አልኩ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ እግሬ መጉደል ጀመረ። የቀረውን ሥራ የሚሠራው ፋሻው ነው። ለእኔ ልክ የሚሆን አጥባቂ ካልሲ ስላልተገኘ፣ መጀመሪያ የእግሬ የደም ምት ጤናማ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ማለዳ ከአልጋ ሳልወርድ ባለቤቴ ከጣቶቼ ሥር ጀምራ እስከ ጉልበቴ ትጠቀልለዋለች። እኔ ከላስቲክ ጨርቅ ራሴ ልስፋው ብዬ ነበር፤ ሐኪሟ ሳቀችና ከለከለችኝ። ጥብቀቱ ቁርጭምጭሚት ላይ በርትቶ ወደ ላይ እየላላ መሄድ አለበት፣ ከላይ ከጠበቀ እንደ ገመድ ማነቅ ነው። ማታ እግሬን በሳሙና አጥባለሁ፣ በጣቶቼ መካከል አደርቃለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ፤ ያበጠ ቆዳ በትንሽ ስንጥቅ ተመርዞ ትኩሳት ያመጣልና። አያቴ ሳሙናና ቅባት የሚያቀርብላት ሰው ብታገኝ ኖሮ እያልኩ ነው የማጥበው። አንደኛው እግር ብቻ ድንገት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረኝ፣ ሳልውል ሳላድር እንድመጣ ተነግሮኛል።

ሌላው ነገር የስፌት መኪናዬ ነው። የአባቴን ሲንጀር ታውቀዋለህ፣ በእግር የሚረገጠውን። ከስምንት ዓመት በፊት ሞተር አስገጥሜለት ሥራዬ ፈጠነ፤ እግሬም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ፈታ። የባት ጡንቻ ሲረግጥ ደሙን ወደ ላይ እንደሚገፋ፣ እንደ ፓምፕ መሆኑን ስሰማ፣ ያን ዕለት ማታ ሞተሩን ፈትቼ አወረድኩት። አሁን በቀን ሁለት ሰዓት ረግጬ እሰፋለሁ። ደንበኞቼ ዘገየህ ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ከቤቴ እስከ ሱቁ ያለችው መንገድም፣ በሐምሌ ሦስት ጊዜ ቆሜ የማልፋት፣ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ታስቆመኛለች።

ምግቡን በአጭሩ ልንገርህ፣ ብዙ ሰው የሚያወራው እሱን ብቻ ስለሆነ ሰልችቶኛል። እንጀራው ከሦስት ወደ አንድ ወረደ፣ ሻይ ያለ ስኳር ሆነ፣ ለስላሳ ቀረ። ከባዱ ጨው ነው። በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ የእኛ በርበሬ ግን ገና ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ወጡ ሲወርድ ደግሞ ሌላ ይጨመራል። ዘንድሮ ባለቤቴ የእኔን በርበሬ ያለ ጨው ለብቻ አስፈጭታለች። ከሦስት ቀን በኋላ የነቢያት ጾም ይገባል። ድሮ በጾም የምከሳ እየመሰለኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ፣ ከዚያ በኋላ ዘይት የጠጣ ወጥና ሳምቡሳ ያለ ልክ እበላ ነበር፤ አሁን ከሐኪሟም ከንስሐ አባቴም ጋር ተነጋግሬበታለሁ።

እህትህ ሰው ለመክሳት ስለሚወጋው መርፌ፣ ስለ ኦዜምፒክ፣ ጠይቃኝ ነበር፤ አንተም ከዚያ ልትልክልኝ ሳታስብ አትቀርም። እባክህ አትላክ። ሐኪሟ በሩን አልዘጋችውም፤ ነገር ግን ክትትልና የማያቋርጥ አቅርቦት የሌለው መርፌ ጀምሮ ማቆም ኪሎውን መመለስ ነው ብላኛለች። የመጣ ጊዜ በእሷ በኩል ይምጣ።

ይልቅ ሌላ ውለታ ዋልልኝ። ስትመጣ እናትህ ቤት መጋበዛችን አይቀርም። እማማ «በሞቴ» ብለው ሁለተኛ እንጀራ ሲደርቡልኝ፣ ሦስተኛ ጉርሻ ሲያነሡ፣ እንቢ ማለት ለእኔ ከክኒኑም ከፋሻውም የሚከብድ ነው፤ በሞታቸው ለምነውኝ እምቢ ያልኳቸው ይመስለኛል። አስቀድመህ ንገርልኝ። ጉርሻ አንዲት ትሁን፣ እሷን ግን እንቢ አልልም።

በደንበኞቼ ልክ መዝገብ ጀርባ ለራሴ ሁለት ዓምድ ከፍቻለሁ፤ አንዱ የኪሎ፣ አንዱ የሜትር። ዛሬ ማለዳ ሚዛኑ 137 አለ፤ የቀኝ ባቴ ዙሪያ ከ56 ሳንቲ ሜትር ወደ 49 ወርዷል። ከአሥራ አንዱ ኪሎ ምን ያህሉ ውሃ፣ ምን ያህሉ ስብ እንደሆነ በትክክል አልለየውም፤ ግን ባለፈው ወር ባቴ ሳይለወጥ ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ወርዷልና፣ ሁለተኛው ዕዳ መከፈል የጀመረ ይመስለኛል። ገና ብዙ ይቀረኛል። ታክሲ ውስጥ አሁንም የሁለት ሰው እከፍላለሁ።

ጨርቅህ በብል አልተበላም፤ በየዓመቱ እያወጣሁ ነፋስ አስመታዋለሁ። ትናንት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጠመኔ አነሣሁና ቆምኩ፤ በመዝገቤ ያለው ልክህ የ2009 ነው፣ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ምን እንዳደረገችህ አላውቅም። ወገብህን፣ ደረትህንና የእጅጌህን ርዝመት ባለቤትህ ለክታ ትላክልኝ። አንተ ራስህ አትለካ፤ ሰው የራሱን ወገብ ሲለካ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቃለሁ።

ወንድምህ፣
ልብስ ሰፊው