የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የክበባችን አባላት ዘንድሮ ብዙ ጻፉ፤ ብዙም ተሳሳቱ። ሁለቱም ደስ የሚያሰኝ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግን ምርጫ በመሆኑ ተማሪው አንድ አንቀጽ ከራሱ አፍልቆ ሳይጽፍ ከደሴ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰበው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ስለ ባቲ የሰኞ ገበያ ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል አባል «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ በት ዊ ወንት» ብላ ጀመረች። በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም እኛ ግን ሄድን» ቢባል እንከን አይወጣለትም፤ እንግሊዝኛ ግን «ኦልዞው» ካለ «በት»ን አያስገባም። ሌላው አባል ደግሞ አጎቱ ግመሉን ሳይሸጥ መመለሱን ሲተርክ «ዲድ ኖት ሶልድ» አለ። እኛ «ሸጠ»ን «አልሸጠም» ስንለው ኃላፊ ጊዜው ከግሱ አይወጣም። እንግሊዝኛ ኃላፊውን ለ«ዲድ» አሸክሞ ግሱን ወደ «ሴል» ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ስህተት የስንፍና አይደለም፤ አማርኛውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ የሚሠራው ነው።

ታዲያ እንዴት ይታረም? ጆን ትረስኮት የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 በጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ሰዋስው ማረም አይጠቅምም፣ እንዲያውም ይጎዳል ብለው ተከራክረው ነበር። ዳና ፌሪስ በ1999 ድምዳሜው የተቻኮለ ነው ሲሉ መለሱላቸው። እኔ ከፌሪስ ጋር ነኝ፤ ነገር ግን በቀይ እስክሪብቶ የተጥለቀለቀ ወረቀት ውጤቱ ታይቶ ወደ ቦርሳ ከመግባት አያልፍም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ላይ ሁለት ዓይነት ስህተት ብቻ እየመረጥን አረምን። ስህተቱ ባለበት መስመር ኅዳግ ላይ «ግ» ለግስ፣ «መ» ለመስተጻምር፣ «ቁ» ለነጠላና ለብዙ ቁጥር ይጻፋል፤ ትክክለኛው መልስ አይጻፍም። ተማሪው ፈልጎ አግኝቶ በሳምንቱ እንደገና ጽፎ ያመጣል። «ቲቸር፣ እዚህ መስመር ላይ ምን ጠፋ?» የሚለው ጥያቄ ክፍሉን ገበያ አስመሰለው፤ እኔም ዝም አልሁ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ተከራክረው ይደርሱበታል።

መስተጻምሩ ቶሎ ተስተካከለ። በአሁን ጊዜ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ግስ ላይ የምትጨመረው «ኤስ» ግን እስከ ሰኔ አልታዘዘችም። «ይሸጣል» እና «ትሸጣለች»ን የማያምታታ ልጅ እሷን ይረሳል፤ የእንግሊዝኛ ግስ ለሌላው ሁሉ መልኩን ሳይለውጥ ቆይቶ እዚያ ላይ ብቻ ስለሚለወጥ ያዘናጋል። ከስም በፊት ስለሚገቡት «ኤ» እና «ዘ» በዚህ ገጽ ባላነሣ ይሻላል።

የተሻሉት ጽሑፎች ግንቦት ላይ በጠዋት ሰልፍ በሚኒ ሚዲያው ተነብበዋል። የ12ኛ ክፍል አባላት ስለሚለቁን በመስከረም አዲስ ጸሐፊ ይመረጣል። መመዝገብ የሚፈልግ ስለ ሰፈሩ አንድ ገጽ ጽፎ ይምጣ፤ በታላቅ ወንድም ታርሞ የመጣ አንቀበልም።