ቄሱ "ብቻቸውን" ቀደሱ ያላችሁት ነገር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ አንድ የምስራቅ ጎጃም ገጠር ቄስ ውሎ ያወጣችሁትን ያላየ ያለ አይመስለኝም፣ ለኔ እንኳ እዚህ ባህር ዳር ተቀምጬ አምስት ሰው ነው በቴሌግራም የላከልኝ፣ "ያገርህ ቄስ ጋዜጣ ላይ ወጡ" እያለ። እኔም ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ጥሩ ነገር አለው አልክድም፣ በስራ ቀን በሬ ጠምደው ሲያርሱ የሚለው፣ ማታ ደግሞ የተጣሉ ጎረቤታሞች ሲያስታርቁ የሚለው፣ እሱ እሱ እውነት ነው። ከዛ ወረድ ስል ፎቶው ስር "ቄሱ ብቻቸውን ሲቀድሱ" ይላል። የፎቶ ጽሁፍ ነው፣ ተሳስተው ነው ብዬ ላልፍ ነበር፣ ጽሁፉ ውስጥም ሁለቴ ተደግሟል!

ብቻቸውን? እንዴት አድርገው? ወደ ህዝቡ ዞረው "ሰላም ለኵልክሙ" ይሉና ሮጥ ብለው በዲያቆኑ ቦታ ቆመው ደግሞ "ተንሥኡ" ይላሉ፣ ወንጌሉን ያነባሉ፣ ጧፉንም ለራሳቸው ያበራሉ፣ በሌላ እጃቸው ቃጭሉን ያቃጭላሉ ማለት ነው? ጎበዝ ቄስ ናቸው አውቃቸዋለሁ፣ ግን እንደዚህ ጎበዝ አይደሉም።

ድቁናዬን ያፈረስኩ ሰው ነኝና ሰባኪ ልሆንባችሁ አይደለም፣ ግን ይሄን ማንም ያገራችን እረኛ ያውቀዋል። ቅዳሴ ቢያንስ ቢያንስ አምስት ሰው ይፈልጋል፣ ሁለት ቄስ ሶስት ዲያቆን። ከዛ በታች አይገባም። ዲያቆን ከጎደለ ቄስ በሱ ቦታ ይቆማል፣ ቄስ ከጎደለ ግን ዲያቆን ሊተካው አይችልም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ቄስ ከሌለ ሀምሳ ዲያቆን ቢደረደር ዋጋ የለውም። አምስቱም ደግሞ ጾመው ነው የሚገቡት፣ 18 ሰዓት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ከትላንት 8 ሰዓት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰም ማለት ነው። አሁን ይሄን አምስት ሰው ከየት ይመጣል ብላችሁ ብትጠይቁ ኖሮ የጽሁፋችሁ ዋናው ነገር እሱ ነበር።

አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና እዛው ደብር ነው ቀስሰው የሞቱት። ልጅ ሆኜ የማስታውሳቸው ሲቀድሱ ሳይሆን ሰው ሲቆጥሩ ነው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው በጣታቸው ይቆጥራሉ፣ እኔና እገሌ ሁለት፣ የመምሬ ልጅ ሶስት፣ ይሄ ልጅ (እኔ ነኝ) አራት፣ ከዛ አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ዝም። አንዴ የጎረቤታችን ወንድ ልጅ አርባ ቀኑ ሞልቶ ክርስትና ሊነሳ ሰው ሁሉ ተጠርቶ ጠላው ተጠምቆ አምስተኛ ጠፋ። ክረምት ነው፣ ወንዙ ሞልቷል፣ አባቴ በዛ ሌሊት ዱላቸውን ይዘው ተሻግረው ከማዶ ካለው ደብር አንድ ዲያቆን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው አመጡ፣ ራት ሳይበላ ተኝቶ መገኘቱም እግዜር ሲረዳ ነው። እኔ ደግሞ ትኩሳት ይዞኝ ነበር፣ 13 ዓመቴ ነው፣ "ተነስ ልጄ፣ አንተ ከተኛህ አራት ነን" አሉኝ። ተነሳሁ። እና ዛሬ አንድ ሰው መኪና ይዞ መጥቶ ግማሽ ቀን ውሎ "ብቻቸውን" ብሎ ሲጽፍ ለኔ ቀላል አይደለም።

ደውዬ ነበር። ቢሯችሁ ስልክ ያነሳው ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ "ብቻቸውን ማለት እኮ አካባቢው ላይ ሌላ ቋሚ ካህን የላቸውም ለማለት ነው፣ አገላለጽ ነው" አለኝ። እሺ እንደሱ ይሁን! ታዲያ ለምን እንደሌሉ አትጽፉም? አያቴ ቄስ በነበሩበት ዘመን የሚያገለግለው ካህን የቤተክርስቲያን መሬት ነበረው፣ በ1967 አዋጅ መሬቱ ሲወሰድ ያ ቀረ፣ ከዛ ወዲህ ቄሱ እንደማንኛውም ገበሬ አርሶ ነው የሚያድረው፣ ሰበካ ጉባኤው በጎታ ካለው እህል ምን ያህል ሊሰጥ ይችላል። ልጁ ቅኔ ቆጥሮ፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ለምኖ ተምሮ፣ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ከጳጳስ እጅ ድቁና ተቀብሎ ሲያበቃ ከተማ ገብቶ ሎተሪ ያዞራል ወይ ዘበኛ ይሆናል። እኔን ጨምሮ ነው የምላችሁ፣ እኔም ከሄዱት ነኝ፣ ለዛም ይሆናል እንዲህ የሚያንገበግበኝ። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከማዶ ያለው ቄስ መሻገር አይችልም፣ ያን ቀን ኪዳን ተደርሶ ህዝቡ ሳይቆርብ ይበተናል። ይሄ ነው ወሬው። እናንተ ግን አንድ ጀግና ቄስ ፈለጋችሁ፣ አንድ ሰው ፎቶ ላይ ያምራላ።

ቄሱማ ልጆቹ ሲያነቡላቸው ስቀው "ይቅር ይበላቸው" ብለው አለፉት አሉ። እኔ ቄስ አይደለሁም አላልፈውም።

ፎቶውን ደግሞ እስኪ ድጋሚ እዩት። ወንጌል ሲያነቡ ነው የተነሳው። በቀኝ በኩል ጠርዙ ላይ፣ የቆረጣችሁት ጋ፣ ጧፍ የያዘ ክንድ አለ፣ እስከ ክርኑ ብቻ። የወንድሜ ልጅ ነው፣ 12 ዓመቱ ነው፣ ያን ቀን አምስተኛው እሱ ነበር። ሙሉው ፎቶ እናንተ ጋ አለ፣ ያልተቆረጠውን አውጡና "ብቻቸውን" የሚለውን ሰርዙት። ልጁ በእናቱ ስልክ አይቶት ደውሎ "አጎቴ ይሄ እጅ የኔ እኮ ነው" ነው ያለኝ።

የቀድሞ ዲያቆን፣ ከባህር ዳር