የጂኦግራፊ ክበብ ዘገባ፦ የካርታውን ወጪ ማን ቻለው?

የዘንድሮው ሥራችን የተነሣው ከአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። አትላስ ላይ አንታርክቲካን ስናይ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል «ላርስ ክርስተንሰን ዳርቻ» እና «ኢንግሪድ ክርስተንሰን ዳርቻ» የሚሉ ስሞች አሉ። በአካባቢው ካሉት ሌሎች ስሞች አንዳንዶቹ የንግሥትና የልዕልት ናቸው። «እነዚህስ የየት አገር ንጉሣውያን ናቸው?» አለች። ንጉሣውያን አይደሉም፤ ባልና ሚስት ናቸው። ባልየው በዓሣ ነባሪ ዘይት የከበረ የኖርዌይ ባለሀብት ነበር። የክበቡ አባላት ሁለቱንም ሴሚስተር ይህን ሰው ሲያጠኑ ከረሙ። (ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላርስ ክርስተንሰን በ1884 ሳንደፍዮርድ ከምትባል የወደብ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ፍራምኔስ የሚባል የመርከብ መሥሪያ ነበረው። የሚስቱ የኢንግሪድ አባት ቶር ዳልም ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ አማቱ በ1920 ሲሞት ድርጅቱን መምራት የጀመረው ላርስ ነው። የክበባችንን ልጆች በመጀመሪያ የሳባቸው ግን አንዲት መርከብ ናት። ፍራምኔስ ውስጥ «ፖላሪስ» ተብላ፣ ቱሪስቶችን ወደ ሰሜን ዋልታ እንድትወስድ ታስባ በ1912 ባሕር ላይ ወረደች። ዕቅዱ በገንዘብ እጦት ፈረሰ። ክርስተንሰን ለእንግሊዛዊው አሳሽ ለሻክልተን በኪሳራ ሸጠለት። ስሟ «ኢንዱራንስ» ሆነ፤ በ1915 በረዶ ጨፍልቆ አሰመጣት። በ2022 ከ3,000 ሜትር ጥልቀት በታች ተገኘች። ይህን በሚኒ ሚዲያ ስናቀርብ ተማሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ አዳመጠ።

ቀጥሎ ጥያቄው ወደ ገንዘቡ ዞረ። ዘይቱን ማን ይገዛው ነበር? የኬሚስትሪ መምህራችን መጥተው ፈሳሽ ዘይት ሃይድሮጅን ሲጨመርበት እንዴት እንደሚረጋ አስረዱን። በዚህ መንገድ የዓሣ ነባሪ ዘይት ለአውሮፓ ገበታ ማርጋሪን ሆነ። ሳሙናም ይሠራበት ነበር። አዳኞቹ መጀመሪያ ላይ እንደ ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ባሉ የእንግሊዝ ይዞታዎች ፈቃድ አውጥተው፣ ከፍለው ነበር የሚሠሩት። ከ1925 ጀምሮ ግን ዓሣ ነባሪውን ከኋላ ባለ ተዳፋት ወደ ላይ ጎትተው እዚያው ባሕር ላይ የሚበልቱ ፋብሪካ መርከቦች መጡ። ከዚያ በኋላ የብስ የግድ አላስፈለጋቸውም። የሚያስፈልጋቸው አዲስ የማደኛ ባሕርና የባሕሩ ካርታ ነበር።

ክርስተንሰን ከ1927 ጀምሮ «ኖርቬጊያ» የተባለችውን መርከብ በራሱ ወጪ ወደ ደቡብ ላከ። ሰዎቹ ዲሴምበር 1927 ቡቬ ደሴት ላይ፣ ፌብሩዋሪ 1929 ደግሞ ቀዳማዊ ፒተር ደሴት ላይ የኖርዌይን ባንዲራ ተከሉ። እንደ ያልማር ሪሰር ላርሰን ያሉ አብራሪዎች ዳርቻውን ከአየር ቃኙ። በ1936 እና 37ቱ ጉዞ ብቻ ወደ 2,200 የሚጠጉ ፎቶግራፎች ከአውሮፕላን ተነሡ። ካርታ ከፎቶ እንዴት እንደሚወጣ እንዲገባቸው ልጆቹ ከሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ሆነው ግቢውን በስልክ አነሡ። ከዚያም ፎቶዎቹን አጋጥመው ካርታ ሣሉ። በጣም ቆንጆ ሥራ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት መግቢያው ላይ ተሰቅሏል።

ሴት አባሎቻችን ኢንግሪድን አልለቀቋትም፤ እኔም ደስ ብሎኛል። የስድስት ልጆች እናት ነበረች። በ1931 ማቲልዴ ቬገር ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ተጉዛ አንታርክቲካን አየች። ከእነሱ በፊት ያየች ሴት በታሪክ አልተመዘገበችም። ኋላም በአውሮፕላን በላዩ በረረች። በ1935 የመርከብ አዛዥ ሚስት የነበረችው ካሮሊን ሚኬልሰን ከባሏ ጋር ወረደች፤ የረገጠችው ግን ደሴት እንደነበር ተመራማሪዎች በኋላ ደመደሙ። ኢንግሪድ በ1937 ስኩሊን በሚባለው ትልቅ ዐለት ሥር ስትወርድ እግሯ ያረፈው ዋናው አህጉር ላይ ነው። የማርች 8 ዝግጅታችን በዚህ ታሪክ ላይ ነበር።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን የኳስ ሜዳው ሥራ ነው። የስፖርት መምህሩ ሜዳ የሚሰመርበትን ኖራ ሰጡን። ልጆቹ 30 ሜትር በገመድ ለክተው ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በልኩ ሣሉ። ሰባተኛ ክፍሎች በሙሉ ገብተው ተቀመጡበት፤ ቦታ ተረፈ። ከዚያ አንዱ አባል በድምፅ ማጉያ አንድ ቁጥር አነበበ፦ በ1930 እና 31 የአደን ወቅት ብቻ አንታርክቲካ ውስጥ ከ29,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ተገደሉ። ሁሉንም የገደለው ክርስተንሰን አይደለም፤ የብዙ ኩባንያዎችና የብዙ አገሮች ሥራ ነው። የእሱ መርከቦች ግን ከመካከላቸው ነበሩ።

«ክርስተንሰን ይመስገን ወይስ ይወቀስ?» በሚል ያደረግነው ክርክር የተካሄደው ከዚህ በኋላ ነው። አመስጋኞቹ ያጠናውን ዳርቻ፣ በ1917 ለከተማው የሰጠውን የዓሣ ነባሪ አደን ሙዚየም ጠቀሱ። ወቃሾቹ ሜዳውን አሳዩ። አንዱ ልጅ «ፎቶውም የተነሣው በዚያው ዘይት ገንዘብ ነው» ሲል ሁለቱም ቡድን ዝም አለ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ካርታው እውነተኛ እውቀት ነው፤ ዛሬም ይጠቅማል። ነገር ግን ወጪው ከየት እንደመጣ ሳይነገር ካርታውን ብቻ ማስተማር ለልጆቹ ግማሹን መደበቅ ነው። ስለዚህ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የ2,200ውን ፎቶና የ29,000ውን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍናቸው።

ኖርዌይ በጃንዋሪ 1939 አንታርክቲካ ውስጥ ንግሥት ሞድ ምድር የተባለውን ሰፊ ክልል የእኔ ነው አለች። ክርስተንሰን በ1965 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎቹ እስከ ዛሬ ወደ ቀድሞ ብዛታቸው አልተመለሱም።

ለመጪው ዓመት አባላቱ ራሳቸው ርዕስ መርጠዋል። ክርስተንሰን መርከቦቹን በሚልክባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ ዳንግላ የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል ቺስማን የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ካርታ ያነሣ ነበር። የዚያኛውን ወጪ ማን እንደቻለና ለምን እንደፈለገው ሊያጠኑ ነው። መግባት የምትፈልጉ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም ምዝገባ ስማችሁን ለክበቡ ጸሐፊ ስጡ።