ለአባባ፣ ስለ ሂሉክሷ

አባባ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። በስልክ "አይሰማኝም፣ ጻፍልኝ" ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። ወረቀቷን የአዴት ሚኒባስ ሹፌር ያደርስልዎታል። ማታ ልጆቹ ያንብቡልዎት።

ሂሉክሷ ፊውዝ መብላቷን አቁማለች።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ከወረታ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ መሸብኝና መብራት አበራሁ። የዓባይን ድልድይ እንደተሻገርኩ ትራፊክ አስቆመኝ። "የኋላ መብራትህን ለማን ሰጥተኸው መጣህ?" አለኝ። ለካ ዳሽቦርዱም ጨልሟል። የፊቱ ትልቁ መብራት ስለሚሠራ ልብ አላልኩም። ፊውዟን አውጥቼ ባያት መሀሏ ቀልጧል። ቀየርኩ፣ በራ። ሰፈር ሳልደርስ መልሶ ጠፋ።

በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ፊውዝ በላች። ጋራዥ ወሰድኳት። ማብሪያውን ቀየሩልኝ። ስንት እንዳስከፈሉኝ አልጽፍልዎትም፣ እንቅልፍ ያጣሉ። ስወጣ ደግሞ ሰማያዊዋን ባለ 15 አምፔር ፊውዝ አውጥተው አረንጓዴ ባለ 30 ሰኩና "አሁን አትቃጠልም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ፊውዟ አትቃጠልም። የሚቃጠለው ሽቦው ነው። በዚያ መስመር ያሉት የኋላ፣ የፊት ፓርኪንግ፣ የታርጋና የዳሽቦርድ አምፖሎች ቢደመሩ 40 ዋት ገደማ ናቸው። በ12 ቮልት ከ3 አምፔር ትንሽ ቢበልጥ ነው። 15ቷ ከበቂ በላይ ናት። እሷ የምትቀልጠው አምፖል በዝቶባት ሳይሆን አንድ ቦታ ሽቦው ማሳ፣ ማለት የመኪናዋን ብረት፣ እየነካ ነው።

እርስዎም በዘመንዎ የተቃጠለች ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ይጠቀልሉ ነበር፣ አይካዱ። ወረቀቱን ከመንገድ እየለቀምኩ የማመጣልዎት እኔ ነበርኩ።

አንድ የማውቀው ኤሌክትሪሽያን ዘዴ ነገረኝ። 30ዋን አውጥቼ በቦታዋ ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ገጠምኩ። ሁለት ሽቦ ስታኞ አቅልጬ አያይዤበት፣ ጫፎቹን የፊውዟ ቀዳዳዎች ውስጥ ከተትኩ። አምፖሉ 2 አምፔር እንኳ ስለማያሳልፍ ሽቦው ማሳ ቢነካ እሱ ቦግ ብሎ ይበራል እንጂ የሚቃጠል ነገር የለም። ፊውዝ አንዴ ተናግራ ትሞታለች። አምፖል ግን ሲናገር ይውላል።

የፊትና የኋላ አምፖሎቹን ነቅዬ መብራቱን ከፈትኩ። አምፖሌ ጭል ጭል አለ። እሱ የዳሽቦርዱ ትንንሾች ናቸው፣ ሌላ የለም። ያደከመችኝም በዚህ ነው፣ ቆማ ስትታይ ምንም የላትም። ሽቦ ብነቀንቅ፣ በር ብዘጋ፣ ምንም። በኋላ ግን ፊውዟ ሁልጊዜ የምትቃጠለው ኮብልስቶኑ ላይ መሆኑ ትዝ አለኝ። የጎረቤት ልጅ ጠርቼ "የኋላው መጫኛ ላይ ውጣና ዝለል" አልኩት። እኔ አምፖሉ ላይ አፈጠጥኩ። ዘለለ፣ ቦግ! ዘለለ፣ ቦግ! ልጁ ጨዋታ መስሎት ጓደኞቹን ጠራ። አራት ሆነው ሲጨፍሩባት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየኝ።

ወደ ኋላ የሚሄደውን ሶኬት ነቀልኩ። ልጆቹ ቢዘሉ ቢዘሉ ቦግታው ቀረ። መልሼ ሰካሁና ካርቶን አንጥፌ ከሥር ገባሁ።

ከግራው የኋላ ጎማ በላይ፣ ሽቦዎቹ ሻንሲውን ተከትለው በሚያልፉበት፣ አንድ ጥቁር እባጭ አገኘሁ። በፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል። አባባ፣ የማን እጅ እንደሆነ ያወቅኩት ቋጠሮውን ሳይ ነው። ነዶ የሚያስሩበት ቋጠሮ ነው። ማታ ሲጭኑ እንዲታይዎት ብለው ለጭነቱ ቦታ ያስገቧት አምፖል ሽቦ ናት። አምፖሏ ከተሰበረች ስንት ዘመኗ፣ ሽቦዋ ግን እስከ ዛሬ ኮረንቲ ይዛ ተቀምጣለች። ፌስታሉ በጭቃና በውሃ አልቆ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። መኪናዋ ስትነጥር ከጎኑ ያለው የብረት ጠርዝ ይነካዋል። ጠርዙ ላይ ብልጭታ የበላው ጥቁር ነጥብ አለ፣ የምስር ፍሬ ያህላል።

ሳቅኩ እንጂ አልተቀየምኩም። እርስዎም እንዳይከፋዎት። የእርስዎ ፌስታል ስንት ክረምት ችሏል፣ የጋራዡ 30 ግን አንድ ማታ መኪናዋን ያነድልኝ ነበር።

የተበላውን ቆርጬ ጣልኩ። ጤነኛውን በስታኞ ያዝኩት፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ጎማ ቱቦ ውስጥ ከትቼ ከጠርዙ አራቅኩት። ሰማያዊዋን 15 መለስኩ። ከዚያ መብራት እንዳበራሁ ጢስ ዓባይ ደርሼ ተመለስኩ። ያንን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ያውቁታል፣ ጥርስ ያራግፋል። ፊውዟ ንክች አላለችም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። የጭነቱን አምፖል ሽቦ ለጊዜው ጫፉን አስሬ ትቼዋለሁ። ልመልሳት ወይስ ነቅዬ ልጣላት? ከመለስኳት የራሷን 5 አምፔር ፊውዝ አደርግላታለሁ። መልሱን ለሹፌሩ ይንገሩት፣ ሐሙስ ይመለሳል። አንድ ኪሎ የዘጌ ቡናም ከወረቀቷ ጋር ልኬያለሁ፣ ለእማዬ ነው።

ልጅዎ
ከባሕር ዳር